መስቀል የታተመበት እጥፍ ዳቦ

ሙሉእመቤትን የሚወቅስ ሰው ካለ አስቀድሞ ከእኔ ጋር ይከራከር። ስሟ ሲነሣ አፋቸውን የሚያጣምሙ ዛሬም አሉ፤ "የጣሊያን ወጥ ቤት" ይሏታል። ወጥ ቤት መሆኗ እውነት ነው። ማን አስገደዳት? ማን "እዚያው ቆዪ" አላት? ማን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ዘጋባት? ይህን ሲጠየቁ ግን ጆሯቸው ይደፈናል። እንግዲያው እኔ ልናገር።

ሙሉእመቤት በደብረ ታቦር ገበያ ዳቦ ትሸጥ የነበረችው የፈንታነሽ ልጅ ናት። እናቷ በሞተች በዓመቱ ጣሊያን ከተማውን ያዘ። የጣሊያኑ ሻለቃ አንድ ቀን ድፎዋን ቀመሰና በማግሥቱ ሁለት ወታደር ላከባት፤ እጇ ላይ ያለው ሊጥ ሳይደርቅ ወደ ምሽጉ ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ ቀን ለእነሱ ታበስላለች፣ ማታ ቤቷ ታድራለች። "እምቢ ማለት ትችል ነበር" የሚል ሰው ጠመንጃ ደጁ ላይ ቆሞበት አያውቅም።

ቀለመወርቅ ደግሞ የቄሰ ገበዝ አስረስ ልጅ ነው፤ ዲያቆን፣ ድምፀ መልካም፣ ኩሩ። ኩራቱን ልብ በሉልኝ። ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ በእናቷ የዳቦ ገበታ ላይ ዱቄት ነስንሶ በጣቱ እየጻፈ። "ሀ" ብሎ ሲጀምር ቀና ብሎ አያያትም ነበር፤ "ፐ" ላይ ሲደርስ ከዓይኗ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረውም። አባቱ ወሬውን ሲሰሙ "የዳቦ ሻጭ ልጅ ለእኔ ቤት ምራት አትሆንም" አሉና ነገሩን ቆረጡት።

ቀለመወርቅ ጉና ላይ ካሉት አርበኞች ጋር ሊቀላቀል በተነሣበት ሳምንት ከወንዙ ዳር አገኛት።

"ይዘኸኝ ሂድ" አለችው። "ከዚያ ምሽግ አውጣኝ።"

"አንቺ እዚያው ቆዪ። የሚበሉትን የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ የሚሄዱበትን ከሁሉ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የሰማሽውን ላኪልኝ።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው የፈለገውን ይበል። እኔ አውቃለሁ።"

"እኔ አውቃለሁ።" በዚህች ሁለት ቃል ሁለት ዓመት ኖረች።

መልእክቷን የሚያደርስላት የጨው ነጋዴው እንድሪስ ነበር፤ ወረቀቱን በቅርጫት ስፌት ውስጥ ትደብቀዋለች፣ እሱ በአህያው ጭኖ ያልፋል። ይህን የሚያውቁት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቄሰ ገበዝ አስረስ በሰኔ ወር ከአጸዱ በር ላይ በመቋሚያቸው ሲያግዷት እውነቱን ልትነግራቸው አልቻለችም።

"ከጠላት ገበታ የምታድሪ ከዚህ ቅጥር አትገቢም።"

"አባ፣ ወድጄ ነው? አንቱ ያውቁኝ የለም?"

"የማውቃት የፈንታነሽን ልጅ ነበር። አንቺን አላውቅሽም።"

ልጅዎ ነው ቆዪ ያለኝ ብትላቸው ምስጢሩ ይወጣል፤ ምስጢሩ ከወጣ ልጃቸው ይሞታል። ከደጅ ተሳልማ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ከቄሰ ገበዙ ጋር ወገነ። እሳት የሚጭርላት፣ "እንደምን አደርሽ" የሚላት ጠፋ። ከጎረቤት አሰለፈች ብቻ፣ ባሏ በማያይበት ሰዓት፣ በአጥሩ ሽንቁር አንዳንድ ነገር ታቀብላታለች። ሰው በሕይወቱ ከሰው ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል እነዚያ ሰባት ወራት ያውቁታል።

*

በ1931 ዓ.ም. ጥር ሃያ አንድ፣ እሑድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ለት፣ ሻለቃው በአስተርጓሚው አፍ አዘዛት። ለአርባ ወታደር ሳይሞቅ የሚበላ ነገር ትጋግር፤ ሥጋና አይብ ሊጥ ውስጥ ታጭቆ፣ በእጅ የሚያዝ። ረቡዕ ማለዳ ይዘውት ይሄዳሉ። በመንገድ እሳት አያነዱም፣ አይነሡም፣ አይነጋገሩም።

"ምን ሆነው ነው የማይነሡት?" አለች።

"የጤፍ ጆንያ ሆነው ነዋ!" አለ አስተርጓሚው፣ ሳቁ አምልጦት።

እሷም ሳቀች፤ መሳቅ ነበረባት። ረቡዕ እህል የጫኑ ሦስት መኪኖች ወደ ገሳይ እንደሚወጡ ገበያው ሁሉ ያወራ ነበር። አርበኞቹ ከተራቡ ወር አልፏቸዋል፤ ይህን ወሬ ሰምተው እንደማይቀሩ ታውቃለች። ወሬውን ማን እንደዘራው ያን ጊዜ ገባት።

መላክ አለባት። ግን በዚያ ሰሞን የኬላው ወታደሮች የቅርጫት ስፌት እየቀደዱ፣ ነጋዴ እየገረፉ ነበር። ለእንድሪስ በቃል ብትነግረው፣ ከተገረፈ ይናገራል፤ ማንም ሰው ነው። ስትብሰለሰል ቆይታ የታዘዘችው ምግብ ራሱ መፍትሔውን ነገራት። እነሱ የሚበሉትን ምግብ ወታደር አይጠረጥረውም።

ሥጋውን ግን ከምሽጉ አልወሰደችም። ቀለመወርቅ ክርስቲያን ያላረደውን እንደማይቀምስ ታውቃለች። እሑድ ሰፈሩ ቅርጫ ጥሎ ነበር፤ አሰለፈች በሽንቁሩ አንድ እፍኝ ቀይ ሥጋ አቀበለቻት። ቀኑንም መርጣለች። ሰኞ ከተላከ ማክሰኞ ይደርሳል፤ ማክሰኞ ደግሞ የፍስክ ቀን ነው። ነነዌ ገና ናት፤ ዓምና የገባችው የካቲት ሰባት ነበር። ሁሉን አሰበች፣ ምስኪን። ሁሉን!

ሰኞ ማለዳ ከገዛ ቤቷ ተቀምጣ ሠራችው። ሥጋውን በቢላዋ አድቅቃ ከሽንኩርት ጋር በቅቤ ጠበሰችው፤ ውኃው ጨርሶ እስኪመጥ ጠበቀች፤ እርጥበት የቀረበት እንደሆነ ሊጡን ያረጥበዋል። አይቡን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ድንጋይ ጫነችበትና ጠብ እስከማይል አጠለለችው። የስንዴ ዱቄቱን በደረቀ ቅቤ አሸት አሸት አድርጋ በቀዝቃዛ ውኃ ለወሰች፤ በጠርሙስ ዳመጠች፣ አጠፈች፣ ደግማ ዳመጠች፣ ደግማ አጠፈች። ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር የራሳቸው ስም አላቸው፤ እሷ ግን እጥፍ ዳቦ ትለዋለች። በጣሳ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ቆረጠችው፤ ሥጋና አይቡን ከመካከል አኑራ እንደ ጨረቃ ግማሽ አጠፈችና ጠርዙን በጣቷ ቆነጠጠች።

አሥራ ሁለተኛውን ግን ክፍት ተወችው። በቁራጭ ወረቀት እንዲህ ጽፋለች፦ "የረቡዑ ጭነት ወጥመድ ነው። ከሸራው በታች እህል የለም፣ ወታደር ነው። አትውረዱ። እኔ ያው ነኝ።" ወረቀቱን በጨርቅ ጠቀለለች፤ ቅባት እንዳይገባበት በሰም ነከረችው። ሰሙ ከጧፍ የቀለጠ ነው። ደጁ ቢዘጋባትም ጧፏን በየሳምንቱ መሥራት አልተወችም ነበር። ከሥጋው መካከል ሸሽጋ ሊጡን ከደነችና የአንገቷን መስቀል ከማተቧ ሳትፈታ ጎንበስ ብላ በላዩ አተመችው።

የእንቁላል አስኳል ቀባችና ከታች ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም አድርጋ እንደ ድፎ ጋገረችው። ሲወጣ ቡናማ፣ ልጣጭ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ ሆነ።

"ምንድን ነው የዛሬው?" አለ እንድሪስ ቅርጫቱን ሲቀበል።

"ምግብ ነው፣ አያ እንድሪስ። 'ባለ መስቀሉን ራስህ ቆርሰህ ብላው፤ ለማንም አታካፍል' ብላሃለች በለው።"

"ዲያቆኑን ስስታም ልታደርጊው ነው?"

"በሞቴ፣ እንዲያው እንዳልሁህ በለው።"

ለነጋዴው ለእንድሪስ፣ ለእስላሙ፣ የክርስቲያን ጾም ምኑ ነው? ሳይጠይቅ ጫነ። ከኬላው አንድ ወታደር ከላይ ሁለቱን አንሥቶ በላና ጣቱን እየላሰ አሳለፈው። ይህን ከኬላ የመጡ ገበያተኞች ሲሳሳቁበት ስትሰማ ሙሉእመቤት ከሰባት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጎራጎረች።

*

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ከጉና ግርጌ፣ ከአንዲት ዋሻ፣ ስምንት ሰዎች እሳት ከበው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ይጠብቁ ነበር። ነነዌ ከገባች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዲያቆኑ "ጾማችንን ሳንሽር ነው ነገ የምንወርደው" ስላላቸው የተራበ ሆዳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

እንድሪስ ቅርጫቱን አኖረና የተላከውን ቃል አንድም ሳያጎድል ተናገረ። ቀለመወርቅ የቅርጫቱን ስፌት ዳሰሰ፤ ወረቀት አልነበረም። ከላይ ያለውን አንሥቶ ገመሰው። የቅቤው ሽታ ዋሻውን ሞላው። ሥጋና አይብ።

"ይኸ ሥጋ ነው እንዴ?" አለ ይርጋ፣ ከሁሉም ተጫዋቹ። "ዮናስን ዓሣ ዋጠው፤ እኛን ደግሞ በሬ ዋጡ ተባልን!"

ሰዎቹ ሳቁ። ቀለመወርቅ አልሳቀም። ባለ መስቀሉን በእጁ ይዞ ያገላብጠው ነበር።

"በነነዌ" አለ። "ሥጋ። በላዩ መስቀል አትማ። 'ራስህ ብላው' ብላ።"

"እኔ ስለ ጾማችሁ ምን አውቄ" አለ እንድሪስ ደንግጦ። "አድርስ አለችኝ፣ አደረስሁ።"

"ረስታው ይሆናል እኮ" አለ ይርጋ። "ከእነማን ጋር እንደምትውል ታውቃለህ።"

"እሱን ነው የምልህ! ከእነማን ጋር እንደምትውል!"

በእነዚያ ወራት ከገበያ የሚመጣ ሁሉ አንድ ወሬ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከሻለቃው ጋር ትበላለች፣ ማተቧን በጥሳለች እያለ። "እኔ አውቃለሁ" ይላቸው ነበር። አንድ ቀን በቡጢ ሁሉ ተማቷል። አሁን የሰው ሁሉ ሳቅ በዚያች ቅርጫት ተጭኖ የመጣ መሰለው።

"እንግዲያ ሐሙስ እንበላዋለን" አለ ይርጋ ለማብረድ። "ብርድ ነው፣ አይበላሽም። ነገ ከዘመቻ ስንመለስ—"

"ወደዚያ በል!"

ቅርጫቱን ገለበጠው። አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ጣላቸው። ባለ መስቀሉን መጨረሻ ጣለው። ሊጡ ጠቆረ፣ ቅቤው ተንቸሰቸሰ፤ ከዚያ ከመካከሉ ቀጥ ያለ ብጫ ነበልባል ብድግ ብሎ ወዲያው ከሰመ። ለአፍታ ጧፍ ጧፍ ሸተተ። ሰዎቹ ምራቃቸውን ዋጡ።

ጾሙን አልነቅፍም፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። የምነቅፈው የሁለት ዓመት ታማኝነት በአንድ ቅርጫት የሚጥለውን ኩራት ነው። "እኔ አውቃለሁ" ያለ ሰው አንድ ጊዜ "ለምን ይሆን?" ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት!

ቀለመወርቅ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ታቦር ዞሮ ቆመ። ከተማው በጭጋግ ተሸፍኖ አይታይም። ቢሆንም እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልተነሣም፤ የሚያውቃት ልጅ የሞተችበት ያህል አለቀሰ።

*

ረቡዕ ሦስቱ መኪኖች ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ሙሉእመቤት ከሸራው በታች ያለውን ሣጥን ሣጥን እጥፍ ዳቦ አስባ በልቧ ሳቀች። በልተው ይመለሱ፤ ማንም አይወርድላቸው።

ረፋዱ ላይ አሰለፈች በሽንቁሩ ጠራቻት።

"አንቺ፣ ሰኞ ምን ስትጋግሪ ነበር? ቤታችን ድረስ ቅቤ ሸተተን። ልጆቹ እኮ አለቀሱብኝ!"

"እጥፍ ዳቦ ነው። ለምን አልጠራሽኝም፣ እሰጥሽ አልነበር?"

"በነነዌ?"

"ነነዌ መች ገባች?"

አሰለፈች ፊቷን ወደ ሽንቁሩ አስጠጋች። "ምን ነካሽ? ሰኞ ገባች! ነገ ትፈታለች። ቄሰ ገበዙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አወጁ አይደለም እንዴ? ታዲያ ቅርጫውን ለምን የጣልን መሰለሽ?"

"ለማርያም መስሎኝ..." አለች ሙሉእመቤት። "ዓምና የካቲት ሰባት ነበር።"

"ዓምናማ ዓምና ነው! በየዓመቱ ትወጣ ትወርድ የለም? አልሰማሽም?"

"ከየት ልስማ፣ አሰለፈች?" አለች። "ቅዳሴ አልገባ። ሰው አያናግረኝ። ከየት ልስማ?"

ሙሉእመቤት ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች። ቀለመወርቅን ታውቀዋለች። ዳቦውን እንዳልቆረሰው እዚያው፣ አፈሩ ላይ ተቀምጣ አወቀች። አንዲት የምትጠራው ቅዱስ ስም እንኳ አፏ ላይ አልመጣላትም።

*

መኪኖቹ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ተመለሱ። ማለዳ ሕያዋን በተኙበት ሸራ ሥር አሁን የተኙት ሌሎች ናቸው። ከምሽጉ ግቢ ቆማ ሰባት ቆጠረች። አራተኛው ይርጋ ነበር፤ በእናቷ ጊዜ "የተቃጠለውን ለኔ" እያለ የሚያስቃት ይርጋ። ስምንተኛውን በሕይወት አውርደው ወደ እህል ጎተራው ጎተቱት።

"ውኃ ስጪው" አላት አስተርጓሚው። "ሻለቃው ሳይጠይቀው እንዳይሞት።"

ቀለመወርቅ ጆንያ ላይ ተጋድሟል፤ ሆዱን በገዛ ኩታው አስሯል። ጣሳውን ስታስጠጋለት አፉን አዞረ።

"ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል?"

"አልሞላም።"

"እንግዲያ አልጠጣም። ነነዌ ናት። ታውቂያለሽ?"

"አሁን አወቅሁ" አለች።

ዓይኑን ከደነ። "ይርጋስ?"

ጎንበስ ብላ ኩታውን አጠበቀችለት።

"ስምንት ነበርን። ውረዱ ያልኋቸው እኔ ነኝ። ይርጋ ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ 'ልቤ አልወደደውም' ሲለኝ ሳቅሁበት።" እጇን በድንገት ያዘ፤ እጁ ይቃጠላል። "ሙሉ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ያን ባለ መስቀሉን እሳት ውስጥ ጣልሁት። ሲነድ ጧፍ ሸተተኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ውስጡ ነገር ነበረው?"

እዩት ይህን ጥያቄ! ሰባት ወር ሰው የተጸየፋት ሴት፣ ስሟን የምታጠራበት አንድ ቃል አፏ ላይ መጥቷል። "አዎ" ብትል ቀና ብሎ ያያታል፤ በዱቄቱ ገበታ ላይ እንዳያት ያያታል። ከዚያ ግን ሰባቱ ሬሳ ከሸራው ሥር ተነሥተው ደረቱ ላይ ይጋደማሉ። የሚኖረው አንድ ሰዓት ነው። ያችን አንድ ሰዓት ከእነሱ ጋር ይሞታታል።

ዓይኑ ይለምናት ነበር። የሚለምነው የትኛውን መልስ እንደሆነ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

"ሥጋና አይብ ነው" አለችው።

"ጧፉስ?"

"ቅቤው ነው። ቅቤ ሲያርር እንደዚያ ይሸታል።"

ከፊቱ ላይ ፍርሃቱ ቀስ ብሎ ሲለቅ አየች። ለዚያ ነበር የዋሸችው፤ አየችውና አመሰገነች። በፍርሃቱ ቦታ ግን ሌላ ነገር ገባ። እጇን ለቀቀው።

"እኔ በሰው ፊት እምልልሽ ነበር" አለ። "እኛ ወጥመድ ልንገባ፣ አንቺ በነነዌ ሥጋ ትጠብሻለሽ።"

"ርቦህ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ሂጂ። ውኃውንም ከዚያ አርቂልኝ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከግቢው መካከል ወጥታ ቆመች። ጣሳውን በሁለት እጇ እንደያዘች ጥላዋን በእግሯ መለካት ጀመረች፤ እናቷ የጾም መፍቻ ሰዓትን እንደምትለካው፣ ተረከዝ ከጣት እያገጠመች።

"ምን ትቆጥሪያለሽ?" አላት አስተርጓሚው።

"ሰዓት።"

"ሰዓት እኔ ጋ አለልሽ!" ብሎ የእጁን ሰዓት አሳያት። አላየችውም። ዳግመኛ ለካች። ጥላው ይጎድላል። ቆመች። እንደገና ለካች። ፀሐይ እንደዚያ ቀን ተንቀርፍፋ አታውቅም።

ጥላው ሲሞላ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ወደ ጎተራው ሮጠች። ዘበኛው እየወጣ ነበር። ራሱን ነቀነቀና በሩን ከኋላው ዘጋው።

ከተዘጋው በር ሥር ተንበረከከች። ከማለዳ ጀምሮ እሷም እህል ውኃ አልቀመሰችም ነበር። ጣሳውን ከደፉ ላይ አኖረችና አፏን ወደ ሳንቃው አስጠጋች።

"ሞልቷል" አለችው። "ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል፣ ቀለሜ። አሁን ጠጣ።"